የታመቀ አየር ማርሚታ፦ አሠራሩና አመራረጡ

ከሐይቅ ከተማ ተነሥቶ በቢስቲማ በኩል ወደ ጭፍራ የሚወርደው መንገድ የሚያልፍበት ምድር፣ እንደ አብዛኛው የወሎ ተዳፋት ሁሉ፣ ከሠላሳ ሚሊዮን ዓመታት ገደማ በፊት ከምድር ሆድ ፈልቶ ወጥቶ በረጋ ባዛልት የተሸፈነ ነው። እንዲህ ባለ አለት ላይ መንገድ ሲቆረጥ ዶማና መዶሻ ብዙ አያራምዱም፤ ሥራው በታመቀ አየር የሚንቀሳቀስ የአለት መሰርሰሪያ ይጠይቃል። መሰርሰሪያው ሥራ ሲጀምር ድምፁ ሸለቆ ተሻግሮ ይሰማል። ይህን ድምፅ የሚሰማ ሰው ሁሉ የብረትና የድንጋይ ግጭት ነው ብሎ ያስባል። ግጭቱ ድርሻ ቢኖረውም፣ ማርሚታ ባልተገጠመለት መሰርሰሪያ ላይ ከፍተኛውን ጩኸት የሚፈጥረው ሥራውን ጨርሶ ከመሣሪያው ጎን የሚወጣው አየር ነው።

አንባቢያችን ይህን ድምፅ ለመስማት የግድ የመንገድ ሥራ ወዳለበት መሄድ አያስፈልገውም። ጎሚስታው በአየር መፍቻ የጎማ ቡሎን ሲፈታ፣ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርድ ከባድ መኪና ፍሬኑን ሲለቅ፣ በፋብሪካ ውስጥ ሲሊንደሮች ወዲያና ወዲህ ሲሉ የሚሰማው ሁሉ የአንድ ክስተት ልዩ ልዩ መልክ ነው። በዚህ ጽሑፍ ድምፁ ከምን እንደሚፈጠር፣ ድምፁን የሚያበርደው መሣሪያ እንዴት እንደሚሠራ፣ እንዲሁም በእኛ አገር ሁኔታ እንዴት መመረጥ እንዳለበት እንመለከታለን። መሣሪያውን ማርሚታ እንለዋለን። ቃሉ እንደ ጎሚስታ ሁሉ ከጣሊያንኛ ወደ ጋራዦቻችን የገባ ሲሆን በመነሻው ቋንቋ ትልቅ ድስት ማለት ነው፤ የመኪናን ጭስ ማውጫ ሆድ ያየ ሰው ስያሜው አይገርመውም።

ድምፁ ከየት ይመጣል?

በፋብሪካዎችና በጋራዦች የተለመደው የአየር ግፊት 6 ባር ያህል ነው። መለኪያው የሚያሳየው ከከባቢው አየር በላይ ያለውን ግፊት ብቻ ስለሆነ፣ በባሕር ወለል ላይ ትክክለኛው ጠቅላላ ግፊት 7 ባር ይሆናል። ቫልቩ ተከፍቶ አየሩ ወደ ውጭ ሲለቀቅ፣ በውስጥ ያለው ጠቅላላ ግፊት በውጭ ካለው በ1.9 እጥፍ ገደማ እስከበለጠ ድረስ፣ አየሩ በጠባቡ ቀዳዳ ላይ የራሱን የድምፅ ፍጥነት ይዞ ይወጣል። ይህም በሰከንድ ከ300 ሜትር በላይ ነው። ከቀዳዳው እንደወጣ ከቆመው አየር ጋር ይላተማል፤ በመካከላቸው ትላልቅና ትናንሽ አዙሪቶች ይፈጠራሉ። ጆሯችን የሚሰማው የእነዚህን አዙሪቶች ሁከት ነው።

ብሪታንያዊው የሒሳብ ሊቅ ጄምስ ላይትሂል እ.ኤ.አ. በ1952 ባሳተመው ጥናት፣ ከድምፅ ፍጥነት በታች የሚወጣ የአየር ጅረት የሚያመነጨው የድምፅ ኃይል ከፍጥነቱ ስምንተኛ ርቢ ጋር እንደሚያድግ አሳይቷል። ስምንተኛ ርቢ በተፈጥሮ ሕጎች ውስጥ ብዙ ጊዜ የማይገኝ ቁጥር ነውና ቆም ብለን ልናስብበት ይገባል። የአየሩን ፍጥነት በግማሽ ብንቀንስ የድምፁ ኃይል ወደ 1/256 ይወርዳል። እርግጥ ነው፣ ያንኑ የአየር መጠን በግማሽ ፍጥነት ለማስወጣት የመውጫውን ስፋት እጥፍ ማድረግ አለብን፤ በዚህም ትርፉ ወደ 1/128 ዝቅ ይላል። ይህ እንኳ 21 ዴሲቤል ነው። የማርሚታ ምሥጢር በአመዛኙ እዚህ ላይ ይገኛል። ማርሚታ አየሩን አያፍንም፤ በሰፊ ገጽ ላይ በትኖ በዝግታ እንዲወጣ ያደርገዋል።

ሁለተኛ ጥቅምም አለ። የአየር ጅረት ድምፅ ድግግሞሽ በግምት የፍጥነቱን አንድ አምስተኛ ለቀዳዳው ወርድ በማካፈል ይገኛል። ወርዱ 6 ሚሊ ሜትር ከሆነ ቀዳዳ በሰከንድ 300 ሜትር የሚወጣ አየር ወደ 10,000 ኸርዝ የሚጠጋ ድምፅ ያሰማል፤ ይህ ሁላችንም የምናውቀው የሚወጋ ፉጨት ነው። አሁን አየሩ ወርዳቸው 0.1 ሚሊ ሜትር በሆኑ በሺዎች በሚቆጠሩ ቀዳዳዎች በሰከንድ 30 ሜትር ይውጣ እንበል። ውጤቱ 60,000 ኸርዝ ይሆናል። የሰው ጆሮ ከ20,000 ኸርዝ በላይ አይሰማም፤ እንዲህ ያለው ድምፅም በአየር ውስጥ ሩቅ ሳይሄድ ይዋጣል። በእውነቱ ትናንሾቹ ጅረቶች ከወጡ በኋላ እርስ በርሳቸው ስለሚቀላቀሉ ዝቅተኛ ድምፅ መኖሩ አይቀርም፤ ሆኖም ዋናው ሐሳብ ትክክል ነው።

ይህን በትምህርት ቤት መሞከር ይቻላል። የተነፋ ኳስ ላይ የመንፊያ መርፌ ሲሰካ የሚወጣውን ፉጨት እናድምጥ። ቀጥሎ መርፌውን ጥጥ በላላ ሁኔታ በተሞላና ዙሪያው በመርፌ በተበሳሳ የፕላስቲክ ጠርሙስ አፍ ውስጥ አስገብተን ደግመን እንስማ። በጣም አጥብቀን ብንጠቀጥቀው ደግሞ አየሩ መውጣቱ እንደሚዘገይ እናያለን፤ ይህን ትዝብት ወደ ኋላ እንፈልገዋለን።

የጆሮ ጉዳይ

ዴሲቤል በሎጋሪዝም የሚቆጠር ስለሆነ 3 ዴሲቤል መጨመር የድምፁን ጉልበት እጥፍ ማድረግ ነው። በብዙ አገሮች የጤና ባለሙያዎች የሚጠቀሙበት መመዘኛ ለስምንት ሰዓት ሥራ 85 ዴሲቤልን ጣሪያ አድርጎ፣ በየ3 ዴሲቤል ጭማሪ ጊዜውን በግማሽ ይቀንሳል። በዚህ ስሌት 88 ዴሲቤል ለ4 ሰዓት፣ 100 ዴሲቤል ደግሞ ለ15 ደቂቃ ብቻ ይፈቀዳል። ማርሚታ የሌለው የአለት መሰርሰሪያ በያዘው ሠራተኛ ጆሮ አጠገብ ከ100 ዴሲቤል በላይ ይጮኻል። ስለዚህ ሠራተኛው የቀኑን ድርሻ ገና ቁርስ ሳይደርስ ይጨርሳል ማለት ነው።

በውስጠኛው ጆሮ ያሉት ፀጉር መሰል ሕዋሳት አንዴ ከሞቱ ተመልሰው አይበቅሉም። ጉዳቱ ብዙውን ጊዜ በ4,000 ኸርዝ አካባቢ ይጀምራል። ለዚህ ነው ተጎጂው መጀመሪያ ላይ ምንም እንደጎደለው የማያውቀው፤ ሰው ሲናገር ይሰማዋል፣ ቃሉን ግን ይስተዋል። ስ፣ ሽ፣ ፍና ት የመሳሰሉት ተነባቢዎች ጉልበታቸው በከፍተኛ ድግግሞሽ ላይ ስለሚገኝ ቀድመው ይጠፉበታል። «ፈራ» ይሁን «ሠራ» መለየት ያቅተዋል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የሠራተኛውን ደኅንነትና ጤንነት ለመጠበቅ አስፈላጊውን እርምጃ እንዲወስድ ያስገድዳል። የጆሮ መድፈኛ ማደል አንዱ እርምጃ ነው፤ በእኛ አስተያየት ግን ድምፁን ከምንጩ መቀነስ ይቀድማል። መድፈኛ የሚጠብቀው ያጠለቀውን ሰው ብቻ ሲሆን፣ ማርሚታ ግን በአካባቢው ያለውን ሁሉ ይጠብቃል።

የማርሚታ ዓይነቶች

በገበያ ላይ የሚገኙት ዓይነቶች ብዙ ቢመስሉም በመሠረቱ ሦስት ናቸው። የመጀመሪያው ባለ ቀዳዳ አካል ነው። የነሐስ ቅንጣቶች ሳይቀልጡ በሙቀት እርስ በርስ እንዲጣበቁ ይደረጋል፤ በመካከላቸው የሚቀረው ክፍተት የአየሩ መንገድ ይሆናል። ከፕላስቲክ የሚሠራውም በተመሳሳይ መንገድ የተዘጋጀ ነው፤ ቀላልና ርካሽ ሆኖ ድምፅ በማብረድ ከነሐሱ አያንስም፣ ምናልባትም ይበልጣል፤ ነገር ግን ምት፣ ሙቀትና ቤንዚን አይወድም። አምራቾች ለእነዚህ ዓይነቶች እንደ መጠናቸው ከ15 እስከ 30 ዴሲቤል ቅናሽ ይጠቅሳሉ።

ሁለተኛው ባለ ክፍል ማርሚታ ነው። አየሩ ከጠባብ መንገድ ወደ ሰፊ ክፍል ገብቶ፣ ተስፋፍቶ፣ ከዚያ በሌላ መንገድ ይወጣል። የድምፅ ሞገዱ ስፋት በሚለወጥበት ቦታ ሁሉ ከፊሉ ወደ ኋላ ስለሚመለስ ወደ ውጭ የሚያልፈው ይቀንሳል። በአለት መሰርሰሪያ ላይ እንደ ካፖርት የሚለበሰው የጎማ ወይም የፕላስቲክ ማርሚታ የዚህ ወገን ነው። ቀዳዳዎቹ ትላልቅ ስለሆኑ አቧራና በረዶ በቀላሉ አይደፍኑትም።

ሦስተኛው ዘይት የሚይዝ ነው። ብዙ የአየር መሣሪያዎች በአየሩ ውስጥ በሚነፋ የዘይት ጭጋግ ይለሰልሳሉ፤ አየሩ ሲወጣ ዘይቱም አብሮ ይወጣል። በዚህ ዓይነት ማርሚታ ውስጥ የዘይቱ ብናኝ በጭረት መረብ ላይ ተጠራቅሞ ጠብታ ይሆንና ከታች ወዳለው መያዣ ይወርዳል። ኮምቦልቻ በደርግ ዘመን የተቋቋመ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣ የቢራ ፋብሪካ፣ እንዲሁም በ2009 ዓ.ም. የተመረቀ የኢንዱስትሪ ፓርክ ያላት ከተማ ናት። ለእንዲህ ዓይነት ኢንዱስትሪዎች ይህ ሦስተኛው ዓይነት የቅንጦት ዕቃ አይደለም። በነጭ ጨርቅ ላይ ያረፈ የዘይት ጭጋግ ምርቱን ያበላሻል፤ ሠራተኛው የሚተነፍሰውም ያንኑ አየር ነው።

የኋላ ግፊት

ማርሚታ ያለ ዋጋ አይሠራም። አየሩ እንዲያልፍበት የሚያደርገው ጥረት በሲሊንደሩ መውጫ በኩል ግፊት ይፈጥራል፤ ይህን የኋላ ግፊት እንለዋለን። ወርዱ 50 ሚሊ ሜትር የሆነ ፒስተን 19.6 ካሬ ሴንቲ ሜትር ስፋት አለው። በ6 ባር ወደ 1,180 ኒውተን ይገፋል። ማርሚታው 1 ባር የኋላ ግፊት ቢፈጥር ከዚህ ላይ 196 ኒውተን ይቀነሳል፤ በቁጥር ስድስተኛው እጅ ማለት ነው። ፒስተኑም ይዘገያል። ሠራተኛው መሣሪያው መድከሙን ሲያይ የሚወስደው እርምጃ የታወቀ ነው፤ ማርሚታውን ነቅሎ ይጥለዋል። በየጋራዡ ያለ ማርሚታ የሚጮኹ መሣሪያዎችን ስናይ ጥፋቱን በሠራተኛው ቸልተኝነት ላይ ብቻ ማላከክ ተገቢ አይመስለንም። ብዙ ጊዜ መጀመሪያውኑ የተገጠመው መጠኑ ያነሰ ወይም በቆሻሻ የተደፈነ ነበር።

የተደፈነ ማርሚታ ከድካም አልፎ አደጋ የሚያስከትልበት ሁኔታም አለ። ቆርቆሮ የሚቆርጡና የሚያጥፉ አንዳንድ ፕሬሶች ክላቻቸው በአየር ግፊት ይያዛል። ማቆሚያው ሲጫን ቫልቩ አየሩን ወደ ውጭ ይለቃል፣ ክላቹ ይላቀቃል፣ ስፕሪንጉም ፍሬኑን ይይዛል። አየሩ የሚወጣበት ማርሚታ ተደፍኖ ከሆነ ክላቹ ወዲያው አይላቀቅም፤ ከባዱ መዶሻ ቆመ ሲባል ጥቂት መንገድ ይወርዳል። ያ ጥቂት መንገድ የሠራተኛው ጣቶች ያሉበት ሊሆን ይችላል። በእንዲህ ያለ ማሽን ላይ ለመደፈን የሚያስቸግር፣ ሰፊ መንገድ ያለው ማርሚታ መምረጥና በየጊዜው መመርመር የግድ ነው። በማንኛውም መሣሪያ መውጫ ላይ ጨርቅ ወይም የጆንያ ቁራጭ መወተፍ ደግሞ ፈጽሞ ሊደረግ አይገባም።

ደጋው የሚያመጣው ልዩነት

የአምራቾች ሰንጠረዦች የሚዘጋጁት በባሕር ወለል የአየር ግፊት መሠረት ነው። እኛ ግን የምንኖረው ሌላ ቦታ ነው። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ስትገኝ፣ የከባቢው አየር ግፊት 0.75 ባር ያህል ነው። ከእርሷ በሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ዝቅ ብላ በ1,850 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ኮምቦልቻ ግፊቱ ወደ 0.81 ባር ይጠጋል፤ በባሕር ወለል ላይ 1.01 ባር ነው።

መለኪያው በሦስቱም ቦታ 6 ባር ያሳይ። በባሕር ወለል ጠቅላላው ግፊት 7.01 ባር ሲሆን ከውጭው ግፊት ጋር ያለው ንጽጽር 6.9 ነው። በኮምቦልቻ 6.81 ለ0.81፣ ማለትም 8.4 ይሆናል። በደሴ 6.75 ለ0.75፣ ማለትም 9 ይደርሳል። ስለዚህ የሙቀቱን ለውጥ ትተን ብናሰላ፣ በሲሊንደር ውስጥ ያለ 1 ሊትር የታመቀ አየር ወደ ውጭ ሲወጣ በባሕር ወለል 6.9 ሊትር፣ በደሴ ግን 9 ሊትር ይሆናል። ያው ማርሚታ በደሴ በመጠን 30 ከመቶ የሚበልጥ አየር ማሳለፍ ይኖርበታል ማለት ነው። ፍጥነቱ ይጨምራል፤ ፍጥነት ደግሞ ለድምፅ ምን ያህል ከባድ ነገር እንደሆነ ከላይ አይተናል። የማርሚታው ተቃውሞም ከሩብ በላይ ያድጋል። በዚህ ምክንያት ለደጋ ከተማ የሚገዛ ማርሚታ የማሳለፍ አቅሙ በሰንጠረዡ ከሚጠየቀው ቢያንስ በአንድ ሦስተኛ ከፍ ቢል መልካም ነው። በተግባር ይህ አንድ ቁጥር ከፍ ማለት ነው፤ የዋጋው ልዩነት እምብዛም አይደለም። የኮምፕሬሰሩ ድካምም አብሮ ይታሰብ፤ በደሴ በእያንዳንዱ ምት የሚስበው አየር ክብደቱ በባሕር ወለል ከሚስበው በሩብ ያህል ያነሰ ነው።

ውኃና በረዶ

በክረምት ወራት ማለዳ የአየር መሣሪያ የያዘ ሰው መውጫው ላይ አመዳይ ሲጋገር ሊያይ ይችላል። አየር ሲስፋፋና ሥራ ሲሠራ ይቀዘቅዛል። በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ ያለ የታመቀ አየር ከ7 ባር ወደ 1 ባር ሲስፋፋ ጉልበቱን ሁሉ ለሥራ ቢሰጥና ከብረቱ ምንም ሙቀት ባይወስድ፣ ስሌቱ ከዜሮ በታች 100 ዲግሪን ያልፋል። በእውነተኛ መሣሪያ ላይ መስፋፋቱ ሙሉ ስላልሆነና ብረቱም ሙቀት ስለሚለግስ ነገሩ ያን ያህል አይከፋም፤ ከዜሮ በታች መውረድ ግን የተለመደ ነው።

በረዶ ለመሆን ውኃ ያስፈልጋል፤ ውኃው ከየት መጣ? ከሰማይ ነው። በ20 ዲግሪ 1 ሜትር ኩብ አየር ሊሸከም የሚችለው ቢበዛ 17 ግራም ያህል ተን ነው። እርጥበቱ 70 ከመቶ በሆነ ቀን 12 ግራም ይዟል። ይህ አየር በኮምቦልቻ በ8.4 እጥፍ ታምቆ ተመልሶ ወደ 20 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ ሊሸከም የሚችለው 2 ግራም ብቻ ነው። ቀሪው 10 ግራም ውኃ ሆኖ በጋኑ ወለል ላይ ይተኛል። ኮምፕሬሰሩ በሰዓት 30 ሜትር ኩብ ቢስብ በአንድ የስምንት ሰዓት ሥራ 2.4 ሊትር ውኃ ይጠራቀማል ማለት ነው። ጋኑ ከታች ተከፍቶ ካልተንጠፈጠፈ ውኃው በቱቦው ተጉዞ በማርሚታው ጥቃቅን ቀዳዳዎች ውስጥ ይረጋል። ስለዚህ ያለማቋረጥ ለሚሠሩ የአየር ሞተሮችና መሰርሰሪያዎች ጥቃቅን ቀዳዳ ያለውን ነሐስ አንመክርም፤ ባለ ክፍሉ ይሻላቸዋል። አልፎ አልፎ ለሚንቀሳቀሱ ሲሊንደሮች ግን ነሐሱ ወይም ፕላስቲኩ በቂ ነው።

ሲገዛና ሲገጠም

ከሁሉ አስቀድሞ የሚታየው የቫልቩ መውጫ ነው። የማርሚታው የማሳለፍ አቅም ከቫልቩ አቅም ማነስ የለበትም። ጥርሱ ገጠመ ማለት አቅሙ በቃ ማለት አይደለም፤ አንድ ዓይነት ጥርስ ያላቸው ሁለት ማርሚታዎች የማሳለፍ አቅማቸው በእጅጉ ሊለያይ ይችላል።

ጥርሱ ራሱ የሚያሳስት ነገር አለው። ከአውሮፓና ከእስያ የሚመጡ ማሽኖች አብዛኞቹ በብሪታንያ ደረጃ የወጣ ጥርስ ሲኖራቸው፣ የአሜሪካ ሥሪት የሆኑት ሌላ ደረጃ ይከተላሉ። የሩብ ኢንች ጥርስ በብሪታንያው ደረጃ በአንድ ኢንች 19፣ በአሜሪካው 18 ነው፤ የጥርሱ ማዕዘንም 55 እና 60 ዲግሪ ሆኖ ይለያያል። በእጅ ሲጠመዘዝ ሁለት ሦስት ዙር ይገባና ይጠብቃል። እዚያ ላይ በቁልፍ የሚያስገድድ ሰው የአሉሚኒየሙን ቫልቭ ጥርስ ይበላዋል። የግማሽ ኢንቹ የባሰ አሳሳች ነው፤ በሁለቱም ደረጃ 14 ስለሆነ የሚለያየው በማዕዘኑና በወርዱ ብቻ ነው። ከመግዛት በፊት አሮጌውን ይዞ ሄዶ ጥርስን ከጥርስ ጋር ማስተያየት ይጠቅማል።

የነሐስ ማርሚታ ሲቆሽሽ በነጭ ጋዝ ታጥቦ ከውጭ ወደ ውስጥ በአየር ይነፋል፤ ቆሻሻው የገባው ከውስጥ በኩል ነውና በመጣበት መንገድ መመለስ አለበት። የፕላስቲኩ በለስላሳ ሳሙናና ውኃ ይታጠባል፤ ካልጠራ ይለወጣል።

መደፈኑን ለማወቅ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ሲሊንደሩ ማርሚታው እንደተገጠመ ሃያ ጊዜ ሲመላለስ የሚወስደው ጊዜ በሰዓት ይለካል። ቀጥሎ የአየሩ መስመር ተዘግቶ፣ በውስጡ የቀረው ግፊት ተለቅቆ መለኪያው ዜሮ ካሳየ በኋላ ማርሚታው ይፈታል። የዓይን መነጽርና የጆሮ መድፈኛ ተደርጎ፣ ማንም በመውጫው ፊት ሳይቆም፣ ያው ሃያ ምልልስ ይደገማል። ሁለቱ ጊዜያት ከተቀራረቡ ማርሚታው ደኅና ነው። ያለ ማርሚታ በግልጽ ከፈጠነ ይታጠባል፤ ታጥቦም ካልተሻለው መጀመሪያውኑ ቁጥሩ ትንሽ ነበርና በትልቅ ይተካል። በዚህ አጋጣሚ የድምፁን ልዩነት በእጅ ስልክ መለካት ይቻላል። የስልክ መለኪያ ትክክለኛውን ዴሲቤል ባይነግረንም፣ ስልኩ ከአንድ ቦታ ሳይንቀሳቀስ በተወሰዱ ሁለት ንባቦች መካከል ያለው ልዩነት ለግምት ያህል ይረዳል። በጣም ከፍተኛ ድምፅ ላይ ማይክሮፎኑ ስለሚሞላ ስልኩን ሁለት ሜትር ያህል ማራቅ ያሻል።